ሞተሩን አጥፊው

ለገሃር፣ ጭማቂ ቤት፣ ከባንኮኒው ኋላ፣
ጠዋት ሐብሐብ ስቆርጥ፣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ
ቱና ከቆርቆሮ በሹካ ስዝቅ፣
ጋሽ ልሳኑ ይገባል፤ ሻይ ያዛል፤ ይስቃል፦
«የሚበላሽበት ቀን የታተመበት ዓሣ!
የኛውስ ቀን የሚያበላሽ ነበር፣ አንዴ ከተነሣ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ቀይ ባሕር ላይ፣ በጀልባም በመርከብም፤
ዛሬ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ኮንዶሚኒየም።

«ግን እንዴት ታገኙት ነበር?» አልኩት አንድ ቀን፣ ለቀልድ፤
«ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ምልክት የለው፣ መንገድ።»

ሻዩን ወደ ጎን ገፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ዓይነት የሚመስለው ለቸኮለ ሰው ነው።
መጀመሪያ ወደ ታች አትዪ፤ ሰማዩን እዪው።
ወፎቹ ከተበታተኑ፣ እንዳንቺው ፈላጊ ናቸው።
አንድ ላይ ከከበቡ፣ ዝቅ ብለው ከጮኹ፣
ከሥር ትልቁ ትንሹን ወደ ላይ እየነዳው ነው።

ደግሞ መስመር ፈልጊ፤ ሰማያዊው ከአረንጓዴው
የሚጋጠምበት፣ አረፋ የሚጠራቀምበት።
ሁለት ውሃ ሲገናኝ እንደ ሁለት ሰፈር ድንበር ነው፤
መብሉም እዚያ፣ ጠቡም እዚያ፣ ገበያውም ያለበት።

የተንሳፈፈ ነገር አትናቂ። ግንድ ይሁን፣
የተበጠሰ ገመድ፣ የሻገተ ሳጥን፤
ጥላ ያለው ነገር እንግዳ አያጣም።

ነፋሱንም አሽትቺ። ታች ሲበላሉ
የተበላው ስቡ ወደ ላይ ይወጣል፤
ባሕሩ ቅባት እንደ ነካው ፀጉር ይለሰልሳል፤
ሽታውስ ምን ይመስልሻል? ታምኚኛለሽ?
ሐብሐብ ነው። አሁን እጅሽ ላይ እንዳለው።»

እጄን አሸተትኩ።

«ስታገኚው ግን፣» አለ፣ በማንኪያው እያስጠነቀቀ፣
«መሀሉ አትግቢ። መሀሉን የሰነጠቀ
ባዶ መረብ ነው የሚጎትት።
በዳር ነው፣ በነፋሱ በኩል፣ ቀስ ብለሽ፤
ከዚያ ሞተሩን አጥፊው።»

መስከረም መጀመሪያ ታናሼን ምንተስኖትን
ደብተር ልገዛለት ይዤው ስሄድ፣ ዝናቡ ወረደ።
የታክሲ ሰልፉ ፈረሰ። «ሜክሲኮ! የሞላ፣ ሜክሲኮ!»
ሰው ሰውን ገፋ። እጄን አየሁት፦ ባዶ።

ስሙን እየጠራሁ መሀሉን ሰነጠቅኩት፤
ባሰ። ሰው ተበተነ፣ በየት ብዞር
ሰማያዊ ሹራብ፣ በየት ብዞር የሰባት ዓመት ልጅ፣
ፊቱን ሲያዞር የሌላ ሰው።

ቆምኩ።
ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ሞተሬን አጠፋሁት።

ወደ ዳር ወጣሁ። ከቆሻሻው ገንዳ በላይ
ጭልፊቶች፤ የተበታተኑ። ተውኳቸው።
የሜክሲኮውና የቦሌው ሰልፍ የሚጋጠምበትን ፈለግሁ፤
አረፋውም አለ፦ ፌስታል፣ የቆሎ ወረቀት፣
የተረገጠ ሎሚ። ሰው ይጋፋበታል፣ ልጅ የለበትም።

ከዚያ በጎርፉ ዳር የተንሳፈፈ ነገር፦
የሎተሪ አዟሪው ዣንጥላ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ።
ከሥሩ ስድስት ልጆች፣ እንደ ጫጩት ተጠጋግተው፤
አራተኛው የኔ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣
ዕጣ ሲወጣ ስንት እንደሚደርስ እየጠየቀ።

በማግስቱ ለጋሽ ልሳኑ ነገርኩት፤
መስመሩን፣ ዣንጥላውን፣ ጭልፊቶቹን ሳይቀር።
«ሐብሐቡስ?» አለ።
«አልሸተተኝም።»
«ዝናብ ሽታ ይበላል፤» አለ፣ እንደ ባለሙያ፣
የጎደለኝን ነጥብ እየሰጠኝ።

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰልፉ መለሰ።
«ይሄን ወንበር የመረጥኩት ለሻይሽ መሰለሽ?
ኩምሳ የሚባል ጓድ ነበረኝ፣ የመጨረሻው ሌሊት
እሱ በአንዱ ጀልባ፣ እኔ በሌላው ወጣን።
በሕይወት ካለ፣ አንድ ቀን ለገሃርን ሳያልፍ አይቀርም።»

ዝም አልን። ሌላ ቆርቆሮ ከፈትኩ።
ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ልቀይርለት ስነሣ
እጁን አነሣ፣ ዓይኑን ከሰልፉ ሳያነሣ።